ጉም የሚያልፈው ግድግዳ

ክረምትን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያላሳለፈ ሰው ጉም ያውቃል ብዬ አላምንም። ጉማችን ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ መሐል ይነሳና ቀስ እያለ ይወርዳል። አጥር አያግደውም። በቆርቆሮው ስር፣ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባና እንደ ዘመድ ሳሎን ውስጥ ይቀመጣል። ከግቢ የወጣ ሰው ሁለት አጥር እንዳለፈ ይጠፋል፤ የሚቀረው ድምፁ ነው። እኔ እዚህ ሰፈር ነው ያረጀሁት። ግማሹን ጎረቤቴን ከመልኩ ይልቅ ከጉሙ ውስጥ በሚመጣው ድምፁ አውቀዋለሁ።

ያንን ቀን ያለ ጉሙ ላወራው ስለማልችል ነው ከዚህ የጀመርኩት።

ስሜ ዙበይዳ ነው። በዚህ ስም የሚያውቀኝ ግን መታወቂያዬ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ሰሚራ ትባል ነበር፤ የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ አላህ ወሰዳት። ስሟ ግን አብሯት አልሄደም። ሰፈሩ ዛሬም ድረስ «የሰሚራ እናት» ነው የሚለኝ። ልጅ ሆና ጉም ሲወርድ ትወደው ነበር። ከደጃፉ ትንሽ ራቅ ትልና ነጩ ውስጥ ገብታ «እማዬ፣ የት ነኝ?» ብላ ትጣራለች። እኔ አያታለሁ፤ ያላየሁ መስዬ ግን እጄን ዘርግቼ እፈልጋታለሁ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። ክርክር ላይ ግን ወደኋላ ቀርቼ አላውቅም። ሰፈር ውስጥ ጠብ ሲነሳ «የሰሚራ እናት ትጠራ» ይባላል። እኔም ሁለቱንም ወገን ሳልሰማ ፈርጄ አላውቅም። ቁልፍ ደግሞ አልወድም ነበር። የግቢያችን በር ቀን ቀን አይቀረቀርም፤ መቆለፍ ጎረቤትን ፊት ለፊት መስደብ ይመስለኝ ነበር።

ከልጄ ከጀማል ጋር ነው የምኖረው። ሾላ ገበያ መጋረጃ ይሸጣል። ሚስቱ ነጃት አስተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ቤት ውላለች። በግቢያችን ዳር ባለችው ክፍል ደግሞ ቢኒያምና ሚስቱ ምህረት ተከራይተው ይኖራሉ። ቢኒያም ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር የሠርግ ጥሪና የሱቅ ማስታወቂያ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ቸርች ኪቦርድ ይጫወታል። ያን ጊዜ ምህረት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር።

ጀማል ዋይፋይ ያስገባ ጊዜ ቴሌቪዥኑ አጠገብ የተቀመጠችውን ጥቁር ሳጥን እያየሁ፣ «ያለ ሽቦ በምን ይደርሳል?» አልኩት።

«በአየር ነው እማዬ። ግድግዳ ያልፋል።»

«እንደ ጉም?»

«እንደ ጉም» አለኝ። ደስ አለኝ። የሰፈራችን ነገር መሰለኝ።

ከተከራዩ ጋር መጀመሪያ አብረን ነበር የምንጠቀመው። ኋላ ጀማል ፊልሙ እየቆመ ሲያናድደው ቢኒያምን ጠርቶ «አንተ ነህ የምትጎትተው፤ ከእንግዲህ የራስህን ፈልግ» አለው። ቢኒያም «እሺ ጋሽ ጀማል» ብሎ ተወ። ልብ በሉ፤ ልጄ በቃል ከለከለው እንጂ የመግቢያውን ቃል አልቀየረም። በእኛ ቤት «አትግባ» ከተባለ ተቆልፏል ማለት ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ጉሙ መስኮቱን ነጭ አድርጎታል። ነጃት «ዋይፋዩ የለም» እያለች ስልኳን ስትነካካ ቆየችና ድንገት እጇ ቆመ።

«ጀማል! ና እስቲ ይሄን እይ።»

ጀማል ጫማውን እያሰረ አየውና ክሩ ከእጁ ወደቀ።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ምንም አይደለም እማ።»

«ምንም ያልሆነ ነገር የሰው ፊት አያገረጣም። አምጪው።»

ስልኩን ወስጄ መነጽሬን አደረግኩ። በየቤቱ ያለው ዋይፋይ ስሙ ተደርድሯል። ከላይ፣ ከሁሉ ጎልቶ፣ የእኛ ስም በነበረበት ቦታ በፈረንጅ ፊደል ሁለት ቃል ተጽፏል። ፊደሉ የፈረንጅ ይሁን እንጂ ቃሉ አማርኛ ነው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው፦ ጀማል ሌባ።

«ይሄን ማን ያየዋል?»

«ሞገዱ የሚደርሰው ሁሉ» አለች ነጃት ቀስ ብላ። «ጎረቤት፣ መንገድ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ፣ ስልኩን የከፈተ ሁሉ።»

«እኔ ነጋዴ ነኝ!» ብሎ ጮኸ ጀማል። «ሰው ዕቃ የሚያምነኝ በስሜ ነው! ስሜ ከሄደ ሱቅ መክፈቴ ለምንድን ነው?»

ጫማው ሳይታሰር ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ አውቄ ተከተልኩት። የቢኒያምን በር በመዳፉ መታው። ቢኒያም ወጣ፤ ምህረት ከኋላው የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

«ሌባው እኔ ነኝ?» አለው ጀማል።

«ምን አደረግኩ ጋሽ ጀማል?»

«ስሜን ዋይፋይ ላይ የለጠፍከው አንተ ነህ! ከዚህ ግቢ ኮምፒውተር የሚያውቅ ማን አለ? እኔ? እናቴ? መግቢያውንስ ከቤተሰቤና ከአንተ በቀር ማን ያውቃል? ስለከለከልኩህ ተበቀልከኝ።»

«በጌታ ስም፣ ከከለከሉኝ ወዲህ አልገባሁም።»

«በጌታህ ስም አትማል። የከሰዓቱን የአሱር ሰላት ሰግጄ ስመለስ ክፍሏን ባዶ ላግኛት።»

ምህረት አልጮኸችም። ሆዷን ብቻ በሁለት እጇ ያዘች፤ ከአሁኑ ብርዱን የምትከልልለት ይመስል።

«ጀማል» አልኩት። «ሲያደርገው አየኸው?»

«ማን ያያል እማዬ? ይሄ እኮ በእጅ የሚያዝ ነገር አይደለም።»

«እንግዲያው በእጅ ያልተያዘ ሰው ሌባ አይባልም። አንተን ሌባ ያለህ ሰው ማስረጃ የለውም። አንተም የለህም። ሁለታችሁ በምን ትለያያላችሁ?»

ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ። ልጄ ነው፤ ግትርነቱን ከእኔ ጡት ነው የጠባው። «ብያለሁ» ብሎ ጉሙ ውስጥ ገባና ጠፋ።

እኔ በዚያች ግቢ እስካለሁ፣ ወሯ የገባ ሴት ባልተረጋገጠ ነገር በዝናብ አትወጣም ብዬ በልቤ ማልኩ። ግን መማል ሌላ፣ ማስረዳት ሌላ።

«ቢኒያም ልጄ» አልኩት። «አንተ ታውቅበታለህ። ና ግባና ማን እንዳደረገው እይልን።»

ራሱን ነቀነቀ። «አልነካውም እማማ። ከነካሁት ‹ይኸው ያውቅበታል› ይላሉ። ካልነካሁት ‹ፈርቶ ነው› ይላሉ። የፈራ ብባል ይሻለኛል።» ከዚያ ፍራሹን ማሰር ጀመረ።

እኔና ነጃት ሳሎን ገብተን ሳጥኗን ገለበጥናት። ሆዷ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል።

«ሁለት ቁልፍ አላት እማ» አለች ነጃት እያነበበች። «አንደኛው መግቢያው ነው፤ ጀማል ያወጣው የይለፍ ቃል። ሁለተኛው ደግሞ ሳጥኗን ራሷን የሚያዝዝ ነው፤ ስሟን መቀየር፣ ሰው ማስወጣት በሱ ነው። እሱ ይኸውና እዚህ ተጽፏል። ከፋብሪካ እንደመጣ ነው፤ ጀማል አልቀየረውም።»

«ይሄን ወረቀት ያየን እኛ ብቻ ነን።»

«ወረቀቱን ማየት አያስፈልግም። የዚህ ዓይነት ሳጥን ሁሉ የፋብሪካ ቁልፉ አንድ ነው። ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ያገኘዋል።»

«የሰፈሩ በር ሁሉ በአንድ ቁልፍ ይከፈታል እያልሽኝ ነው?»

«ካልቀየሩት፣ አዎ። ግን መጀመሪያ ከደጁ መግባት አለበት። የጀማልን ቃል ማወቅ አለበት።»

«ያ ቃል ምንድን ነው?»

«እኔም አላውቀውም። ጀማል ነው ስልኬ ላይ ያስገባልኝ። አሁን ስሙ ሲቀየር ስልኬ እንደ አዲስ እየጠየቀኝ ነው።»

ደወለችለት። ከጩኸቱ የተነሳ ከሩቅ ሰማሁት፤ «የእማዬ ስም ነው! ምን ያደርግላችኋል?» ብሎ ዘጋው። ነጃት «ዙበይዳ» ብላ ጻፈች። አልከፈተም። ደግማ ብትደውል አላነሳም። ከነአባቴ ስም ጻፈችው። አልከፈተም። ከደጅ ፍራሹ የሚታሰርበት ገመድ ሲጎተት ይሰማኛል።

የቀትሩን ሰላት፣ ዙሁርን ሰግጄ ሻርፔን ተከናንቤ ወጣሁ። ሐሳብ ሲጠብበኝ ዳገት ነው የምወጣው። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ ከጥቂት እርምጃ በላይ አይታየኝም። ከላይ ከራጉኤል በኩል ደወል ይሰማል፤ ከታች መኪና ማርሽ ይቀይራል፤ ሁሉም ግን ከአንድ ቦታ የሚመጣ ይመስላል። ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚሮጡ ወጣቶች ከነጩ ይወጡና ሳይነኩኝ አልፈው ነጩ ውስጥ ይገባሉ። ሕልም ውስጥ የምሄድ መሰለኝ። የደከመኝ ቦታ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰሚራ ትዝ አለችኝ። «እማዬ፣ የት ነኝ?» የሚለው ድምጿ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ እዚያው ጉም ውስጥ ያለች፣ እጄን ብዘረጋ የምነካት መሰለኝ። እጄን ዘረጋሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ጣቴ ላይ ተንጠባጠበ።

ያን ጊዜ ነው ከነጩ ውስጥ አንድ ድምፅ የጠራኝ።

«የሰሚራ እናት! ምነው በዚህ ብርድ?»

ቲማቲም ሻጯ ነበረች፤ መልኳ አይታይም። «ደህና ነኝ» አልኳት። ትንሽ ቆይቶ ከታች የሚኒባስ ረዳት መስኮት እየመታ አለፈ፤ «የሰሚራ እናት፣ እንውረድ? ቦታ አለ!» አለ። ከማዶ አጥር ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት «የሰሚራ እናት ናት እንዴ እዚያ ያለችው?» ብላ ለሌላዋ ስትናገር ሰማሁ።

ከድንጋዩ ተነሳሁ። ለካ ልጄ «የእማዬ ስም» ያለው መታወቂያዬ ላይ ያለውን አይደለም። እሱም እንደ ሰፈሩ ነው የሚያውቀኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሰማው ስሜ አንድ ነው። ልጄ በሩን የቆለፈበትን ቃል ሰፈሩ ሁሉ በየቀኑ፣ በሙሉ ድምፁ፣ ከዳገት እስከ ቁልቁለት ሲጠራው ይውላል!

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። «ነጃት፣ ጻፊ!» አልኩ ከደጅ ጀምሬ። «በፈረንጅ ፊደል፣ ቃላቱን ሳትለያዪ፦ የሰሚራ እናት።»

ጻፈች። ስልኩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ከፈተ።

 ነጃት ሳጥኗን ልታዝዝ ወደ ገጿ ስትሄድ እጇን ያዝኳት።

«አሳዪኝ እንጂ አትንኪው። እኔ ነኝ የማደርገው።»

«ለምን እማ?»

«አንቺ አስተማሪ ነሽ። ‹የተማረች ናት፣ ታውቃለች› ይላል ጀማል። እኔ ካደረግኩት ግን የሚለው አይኖረውም።»

ደጋግማ አሳየችኝ። ጣቴ ወፍራም ነው፣ ዓይኔ ደካማ ነው፤ ግን አራተኛ ክፍል የተማርኳቸው ኤቢሲዲ አልከዱኝም።

ጀማል ከአሱር ሲመለስ ፍራሹ ታስሮ በረንዳ ላይ ቆሟል። ኪቦርዱ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ምህረት ሻንጣ ላይ ተቀምጣለች። ልጄ ሲያያት ዓይኑን ሰበረ፤ ግን ከቃሉ አልተመለሰም።

«ሳሎን ግባና ተቀመጥ» አልኩት። «ስልክህን አውጣ። የስድቡን ስም እየው። እስክጠራህ ዓይንህን አታንሳ።»

«እማዬ ምን...»

«ተቀመጥ ብዬሃለሁ!»

ተቀመጠ። እኔ የነጃትን ስልክ ይዤ የግቢውን በር አልፌ መንገድ ላይ ቆምኩ። ነጃት እጇን አጣጥፋ ከደጃፉ ታየኛለች። ጉሙ በፊቴ ያልፋል። ሞገዱም እንዲሁ በላዬ እያለፈ፣ ልጄን ሌባ እያለ ወደ ሰው ቤት ይገባል ብዬ አሰብኩ። የፋብሪካውን ቁልፍ ጻፍኩ። ገጹ ተከፈተ። ስሙ ያለበትን ቦታ ነካሁና እያንዳንዷን ፊደል አጠፋኋት። በምትኩ ሌላ ጻፍኩ። ከዚያ ነጃት ያሳየችኝን «አስቀምጥ» የሚለውን ነካሁ።

ከሳሎን «ጠፋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ስሙ ጠፋ!»

ጠበቅን። ሳጥኗ አንዴ ሞታ ስትነሳ ጊዜ ይወስድባታል። 

ከዚያ ወንበር ሲንኳኳ ተሰማ። ጀማል ስልኩን ይዞ ወጣ። በረንዳው ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው፤

«እናትህ ነኝ።»

ቢኒያም ከገመዱ ላይ ቀና አለ።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ ጀማል። «አንቺ? ከመንገድ ላይ? ማን አሳየሽ?»

«ሳጥንህ ሆዷ ላይ ለጥፋዋለች።»

«መግቢያውንስ? ቃሉን ማን ነገረሽ?»

እኔ ልመልስ ስል ጉሙ መለሰልኝ። ከመንገዱ ማዶ ማንነቱ የማይታይ ሰው እያለፈ፣ «የሰሚራ እናት! ምነው በር ላይ ቆሙ? ይግቡ እንጂ፣ ይበርድዎታል!» አለ።

ጀማል ድምፁ ወደመጣበት ነጭ ዞረ። ከንፈሩ ቃሉን ያለ ድምፅ ሲደግመው አየሁት።

«ሰማህ?» አልኩት። «ቁልፍህን ይዞ የሚዞረው ይኸው ነው። በል፣ የፈረንሳይን ሰው ሁሉ አስወጣ። ከቲማቲም ሻጯ ጀምር።»

 ጀማል ሄዶ የፍራሹን ገመድ በራሱ እጅ መፍታት ጀመረ።

«ቢኒ» አለ ሳያየው። «አስቀየምኩህ።»

«ግድ የለም ጋሽ ጀማል፣ ይተውት...»

«አይተወውም!» አልኩ። «ይጨርሰው። በሚስትህ ፊት ነው ሌባ ያለህ፤ በሚስትህ ፊት ይጨርሰው።»

ጀማል ወደ ምህረት ዞሮ አጎነበሰ። «ይቅር በሉኝ። ሳላይ ፈረድኩ።» ምህረት ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባትና «እንግዲህ ኪቦርዱን እርስዎ ያስገቡልን» አለችው። ልጄ ኪቦርዱን ተሸክሞ ገባ።

በማግስቱ ቢኒያም ሳጥኗን ሊነካት ፈቀደ። «ይቺ አርጅታለች» አለን። «ጥበቃዋ የድሮ ዓይነት ነው፤ አምራቹም ማሻሻያ መላክ ትቷል። በአዲስ ቃል ብንቆልፋት እንኳ መዝጊያዋ በስብሷል።» ስለዚህ እኔ፣ ጀማልና ቢኒያም መገናኛ ወረድን። ሻጩ ጎልማሳ፣ ምላሱ ቅቤ ነው፤ እንደ በሬ ቀንዳም የሆነ ሳጥን አወጣ።

«እናቴ፣ ይሄ አንቴናው ብዛቱ! እንጦጦ ፓርክ ድረስ ይደርሳል።»

«እንጦጦ ፓርክ ማን አለኝ? እኔ ከአጥሬ እንዳይርቅ ነው የምፈልገው።»

ሌላ አመጣ፤ ካርቶኑ ተከፍቶ የተለጠፈ ነው። «ይሄ ሌላ ቤት ኖሯል» ብዬ መለስኩለት። በመጨረሻ ቢኒያም ያስጠናኝን ሻጩን ጠየቅኩት፤ «አምራቹ ዛሬም ማሻሻያ ይልክለታል? አዲሱ ዓይነት ጥበቃ አለው? ለእንግዳ የተለየ መግቢያ አለው?» ሻጩ ጀማልን አይቶ «እናትህ የት ነው የሚሠሩት?» አለው። ጀማል «ቤት ነው፤ ዳኛ ናት» አለ። ተራ የምትመስል፣ ያልተከፈተች ሳጥን ይዘን ተመለስን።

ስትገጠም ሥርዓቱን እኔ አወጣሁ፦ ቢኒያም ይናገራል፣ ጀማል በእጁ ያደርጋል። መጀመሪያ የፋብሪካውን ቁልፍ ቀየሩ። ከዚያ መግቢያውን፤ ፈጽሞ የማይዛመዱ ቃላት ገጣጥመው ረጅም አደረጉት፤ ማንም ሰው መንገድ ላይ ጮኾ የማይጠራው ነገር ነው። ያለ ቃል በአዝራር ብቻ የሚያስገባውን ዘጉት። ከውጭ ሆኖ ሳጥኗን ማዘዝ የሚያስችለውንም ዘጉት። ማሻሻያ ሲመጣ ራሷ እንድትቀበል አደረጓት። የማንም ሰው ስም ሳይኖርበት «ጉም» ብለን ሰየምናት።

የእንግዳው መግቢያ ላይ ስንደርስ ጀማል ቢኒያምን እያየ «አንተም ከእኛው ጋር ግባ፤ ቤተሰብ ነህ» አለው። እኔ ግን እምቢ አልኩ። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፣ ጓዳ አይገባም፤ ይሄ ንቀት አይደለም። ቢኒያምም የራሱ ጓዳ አለው፤ እኛም ልንገባበት አይገባም። ለሱ የተለየ መግቢያ፣ የተለየ ቃል፣ ፍጥነቱ ግን እኩል ይሁን አልኩ። እንዲሁ ሆነ።

ስድቡን ማን እንደጻፈው ዛሬም አናውቅም። ጀማል ያን ሰሞን የሰውን ፊት እየመረመረ ሲሄድ «ተው፤ እንደገና ሳታይ ልትፈርድ ነው» ብዬ አስቆምኩት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት እንደ እኔ ቁልፍ የማትወዱ ትኖሩ ይሆናል። ክፍት በር ቸርነት ይመስለን ነበር። ያ ቀን ግን ሌላ አሳየኝ። በክፍት ቤት ነገር ሲጠፋ የሚጠረጠረው ትልቁ ሰው አይደለም፤ ተከራዩ ነው፣ ሠራተኛዋ ናት፣ እንግዳው ነው፤ ደካማው ነው። እናቴ «በርሽን ዝጊ፣ ጎረቤትሽን ሌባ አታድርጊ» ስትል ስስት ይመስለኝ ነበር። ለካ ፍትሕ ነው። ሂዱና የሳጥናችሁን ሆድ ገልብጣችሁ እዩ። የምትወዱትን ሰው ስም ቁልፍ አድርጋችሁት ከሆነም አውጡት። ስም የሚጠራ ነገር ነው፤ ቁልፍ ግን ዝም ማለት አለበት።

ምህረት ሴት ልጅ ወለደች። ማርሲላስ አሏት። አሁን ከጉሙ ውስጥ «የማርሲላስ እናት!» የሚል ድምፅ መሰማት ጀምሯል። ቢኒያምን «አደራህን፣ ይሄንን ስም ቁልፍ...» ስለው ሳልጨርስ «እማማ፣ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ ይሞኛል?» ብሎ ይስቃል።

እኔም ጉም ሲወርድ ደጄ ላይ እቀመጣለሁ። ከዳገቱ፣ ከቁልቁለቱ፣ መልካቸው የማይታይ ሰዎች «የሰሚራ እናት!» ይሉኛል። «አቤት» እላለሁ፤ እጄንም ነጩ ውስጥ እዘረጋለሁ። ይጥሩኝ። ከእንግዲህ በዚያ ስም የሚከፈት በር የለም፤ የምከፈተው እኔ ብቻ ነኝ።